የሔርሜላ እንቅልፍ

ሶዶ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጃችን ለፋንታዬ፣

ያለሽበትን አገር በእጁ የያዘ ጌታ አንቺንም ይያዝልን። ከሶዶ እስከ ደርባን ያለው መንገድ ለእግር ይርቃል እንጂ ለጸሎት አይርቅም። እኔም ልጅሽም በወላይትኛችን ሳሮ፣ ሰላም ላንቺ ብለንሻል፤ በሰላም ነን። ጉልበቴን ብርድ ይይዘኛል፣ እጄ ግን አሁንም መጋዝ ይገፋል።

ስልክ እያለ ለምን በወረቀት ይጽፋሉ ትይኝ ይሆናል። በስልክ «ደህና ነን» ከማለት ሌላ አፌ አይፈታም፤ ጆሮዬም ከምትይው ግማሹን ይጥለዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ጌታሁን ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። «አባባ ኤርካሎ፣ ዓለም እዚህ ደርሶ እርስዎ ቀለም ያባክናሉ» ይለኛል። «ታዲያ ሰባተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለምን ነበር?» አልኩት።

ልጅሽ ሔርሜላ ስምንተኛ ክፍልን አጋምሳለች። ክልላዊ ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። አክስትሽ ወይንሸት ካረፈች ወዲህ ቤቱን እኔና እሷ ነን የምንይዘው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥራ ቤቴ ገብታ የሜትሩን ጫፍ ትይዝልኛለች፤ ቁጥሩን ከእኔ ቀድማ ታነባለች። ማታ መብራቷን አብርታ ታጠናለች። እኔ ተኝቼ ስነቃ እንኳ መብራቷ አልጠፋም።

ጠዋት ጠዋት ወይንሸት ታደርገው እንደነበረው ሃይታ ቱኬ አፈላለሁ። እዚያ ስለማታገኚው ላስጎመጅሽ ብዬ አይደለም። ደጃችን ካለችው ቡና ቅጠሏን ቀጥፌ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጬ፣ ሚጥሚጣና ጨው ጣል አድርጌ ነው። ቡና ለልጅ አልሰጥም፤ ቅጠሉን ግን አንቺም እኔም ከጡት ቀጥሎ የቀመስነው ነው። አሁን ሔርሜላ ማታም ትጠይቀኛለች። «አባባ፣ ለጥናት» ስትለኝ ደስ እያለኝ እጥዳለሁ።

መምህሮቿ ከሰዓት በኋላ ቱቶሪያል ጀምረዋል። ለእሱ የሚሆን ብትልኪ፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን የሚያገለግል አንድ የሶላር ፋኖስም ቢጨመር መልካም ነው።

የጎረቤታችን የቦልቴ ሚስት «ሴት ልጅ በሚስት አልባ ቤት እንዴት ታድጋለች?» ማለቷን አልተወችም። የሐዋሳዋ ሰብለም ልውሰዳት እንደምትል ሰምቻለሁ። የሥጋ ዘመዷ እሷ ናት፤ እኔ የአክስትሽ ባል ብቻ ነኝ። ውሳኔው የአንቺ ነው።

ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅ።

ኤርካሎ

———

ደርባን፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ኤርካሎ፣

ዕድሜዎን ጌታ ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎንም ያበርታ። ደብዳቤዎን ዳቦው ከምድጃ እስኪወጣ ቆሜ አነበብኩት። ሃይታ ቱኬ የሚለው ጋ ስደርስ ምራቄን ዋጥኩ፣ ሳቄም መጣ። አለቃዬ «ምን ሆነሽ ነው የምትስቂው?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

ለቱቶሪያሉና ለፋኖሱ ልኬያለሁ። ለሔርሜም የኪስ ብዬ ትንሽ ለብቻዋ ጨምሬያለሁ፤ ለእሷ ይስጧት።

እኔ ያው ነኝ። ከቀትር በኋላ ገብቼ ማታ እወጣለሁ። ቤት ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ለእሷ መጻፍ ነው። «ተኝተሻል?» እላታለሁ። «አልተኛሁም እማዬ» ትለኛለች። ከዚያ እደውላለሁ። አንድም ቀን ተኝታ አግኝቻት አላውቅም። ሌላው ልጅ በዚያ ሰዓት ሲያንኮራፋ የእኔ ልጅ መጽሐፍ ላይ መሆኗን ሳስብ የቆምኩበት እግሬ ድካሙን ይረሳል።

ሰብለ ስለ ሐዋሳ ትጨቀጭቀኛለች። እስከ ዛሬ እምቢ ያልኳት እርስዎን ስለማምን ነው።

ልጅዎ ፋንታዬ

———

ሶዶ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለፋንታዬ፣

ቤትሽ በረከት፣ እጅሽ ሥራ አይጣ። መልስ ያዘገየሁት ለአንድ የጉኑኖ ትምህርት ቤት ዴስክ እየጠገንኩ ስለሰነበትኩ ነው። የላክሽው ደርሷል። ፋኖሱን ገዝተናል።

ሔርሜላ ደህና ናት። ብቻ አንዳንድ ቀን ራሷን ያማታል። አንድ ረቡዕ የጾም ጸሎት አብራን ዋለች፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች። ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸለዩላት። እኔም ጠላት ከፈተናዋ ሊያስቀራት ነው ብዬ አብሬ ጮህኩ። ቤት መልሻት ሃይታ ቱኬ ባጠጣኋት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለቀቃት። እናቶቻችን መድኃኒት ነው የሚሉት በከንቱ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ራሷን ባመማት ቁጥር እሰጣታለሁ፤ ባጠጣኋት ቁጥርም ይሻላታል።

ምናልባት ዓይኗ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። መነጽር የሚያስፈልጋት ከሆነ ላስመረምራት። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ብትልኪ። የቱቶሪያሉ ተከፍሏል።

ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ኤርካሎ

———

ደርባን፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርካሎ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ለዓይኗ ልኬ ከወር በላይ ጠበቅሁ፤ ምን እንዳሉ እንኳ አልጻፉልኝም። አሁን የምጽፈው ከሰብለ ሰምቼ ነው። ሔርሜላ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ መውደቋን፣ መምህሯ በባጃጅ ኦቶና ሆስፒታል እንዳደረሷት የሰማሁት ከሐዋሳ ነው። ከሐዋሳ! የሶዶ ሰው ሁሉ ያወቀውን እናቷ የመጨረሻ ሰሚ ሆንኩ። ልጄን ብጠይቃት «ቁርስ ስላልበላሁ ነው» አለችኝ። በየማታው አናግራታለሁ፤ አንዴም አልነገረችኝም።

ምን ደበቁኝ? ልጄ ምን ሆነች? ልቧ ነው?

የሆነውን ሁሉ ይጻፉልኝ። ባይጽፉልኝም ሰብለ ትመጣለች።

ፋንታዬ

———

ሶዶ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋንታዬ፣

ቁጣሽ ተገቢ ነው። ሰላምታዬን አሳጥሬ እውነቱን ላስቀድም። ልጅሽ በሕይወት አለች፤ ልቧም ደህና ነው። በማሽን አይተውላታል። ዓይኗም ደህና ነው።

ያልጻፍኩልሽ ልጅቷን ትወስጂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈለግሁ፤ ተንበርክኬም ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ከመውደቋ በፊት ምልክት አይቼ ነበር። ለበር የሚሆን ጣውላ ስለካ የሜትሩን ጫፍ ይዛልኝ ነበር። ሜትሩ ይንቀጠቀጣል። «ቀጥ አርጊው እንጂ» አልኳት። «ቀጥ አርጌዋለሁ አባባ» አለች። እጇን አየሁት፤ እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ብርድ ነው ብዬ ነጠላዬን ደረብኩላት።

ኦቶና የተቀበለችን ሲስተር ህብረት የምትባል ነርስ ናት። ከሰሜን ተመድባ የመጣች ናት፤ የእኛን ቤት ነገር አታውቅም። ሔርሜላን ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደምትጠጣ፣ መቼ እንደምትተኛ ትጠይቃታለች። እኔም ጣልቃ ገብቼ፣

«ቡና አልሰጣትም፣ ሲስተር። እኛ ቤት ልጅ ቡና አይጠጣም። ጠዋትና ማታ ቅጠል ብቻ ነው» አልኩ።

«የምን ቅጠል?»

«የቡና።»

ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። «አባቴ» አለችኝ፣ «ቡናው ውስጥ እንቅልፍ የሚከለክለው ካፌይን የሚባለው ነገር ቅጠሉም ውስጥ አለ። ሻይም ውስጥ አለ፣ ኮላም ውስጥ አለ። እርስዎ ቅጠል ይሉታል እንጂ ማታ ማታ ለዚህች ልጅ ቡና ነው የሚያጠጧት።»

እኔ ግን ተከራከርኩ። ራሷን ሲያማት የሚያድናት እሱ ነው አልኳት። «ለምዳዋለችና ሲቀርባት ያማታል፤ ሲመለስላት ይለቃታል። የሚያሳምማትም የሚያሽላትም እሱው ነው» አለችኝ። ፋንታዬ፣ የረቡዕን ጾም አስታወስኩ። ጠላት እያልን ስንገስጽ የዋልነው ጠዋት የቀረባትን አንድ ኩባያ ነበር።

ቀጥላ ሔርሜላን «ሌላስ ምን ትጠጫለሽ?» አለቻት። ልጅቷ እኔን አየች፣ መሬት አየች። በጣሳ የሚሸጠውን ኢነርጂ የሚሉትን መጠጥ በኪሷ ብር ከሱቅ እየገዛች ትጠጣለች። ከወደቀችበት ቀን በፊት ማታ አንድ፣ ጠዋት ሌላ። «ማን ነገረሽ?» ስትላት የመለሰችውን እዚህ አልጽፍም። አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሲስተር ያዘዘችው ይህ ነው። ጣሳው ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነካ፤ ለልጅ አይሆንም። ቅጠሉ ግን በአንዴ አይቋረጥም፤ የማታው ይቅደም፣ የጠዋቱ ደግሞ በየሳምንቱ እያነሰ ይሂድ። ውሃ ትጠጣ፣ ቁርስ ትብላ፣ በጊዜ ትተኛ። ይኸው ነው። መድኃኒት አልሰጠችንም።

የላክሽውን የመነጽር ገንዘብ አልነካሁትም። ገንዘብ አትላኪ። ሐዋሳ ትሂድ ካልሽ ሻንጣዋን በገዛ እጄ እሸክፍላታለሁ።

ኤርካሎ

———

ደርባን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤርካሎ፣

ጌታ ሰላምዎን ያብዛ። ስላልደበቁኝ አመሰግናለሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ያልጻፉትን እኔ ልጻፈው። ጣሳውን የነገርኳት እኔ ነኝ። «እማዬ፣ እንዴት እስከዚህ ሰዓት ትቆሚያለሽ?» ስትለኝ «አንዱን ግጥም አደርጋለሁ፣ እንደ ማሽን እሠራለሁ» ብዬ ሳቅሁ። አንቺም ጠጪ አላልኳትም። ግን ልጅ እናቱን ካየ መታዘዝ አያስፈልገውም።

ቢሆንም ሐሳቤን ቆርጫለሁ። ፈተናዋን ጨርሳ ሰብለ ዘንድ ትሄዳለች። እዚያ ቤት ሥርዓት አለ። ከእራት በኋላ ስልክ ይሰበሰባል፣ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። እርስዎን ለመቅጣት አይደለም። እርስዎ ደክመዋል፤ እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ። ይንገሯት።

ፋንታዬ

———

ሶዶ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋንታዬ፣

የሚያጽናና ጌታ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ አንቺ ዘንድ ይድረስ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ የቀደድኩት ነው።

መጀመሪያ ስለ ልጅሽ። የማታውን ትተናል፤ የጠዋቱ ግማሽ ኩባያ ደርሷል። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ ራሷን ያማታል፣ ትነጫነጫለች። እኔ እየጠጣሁ እሷን መከልከል አልሆነልኝም። እቤቴ ያለች ልጅ ብቻዋን ስትጾም ማየት አልችልም ብዬ እኔም እንደ እሷ እየቀነስኩ ነው። ስልሳ ዓመት የጠጣሁት ነው፤ ራስ ምታቱ ለእኔም መጣ። ሁለታችንም ግንባራችንን አስረን ስንተያይ ሳቀች።

እንደምታውቂው ጠዋት ጎረቤት ተራ በተራ እየተጠራራ ነው የሚጠጣው። ቦልቴ ቤት ስንሄድ ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን ያለ ቅጠል አፍልቼ በፔርሙስ ይዤ እሄዳለሁ። ቦልቴ ቀምሶ ተፋው። «ኤርካሎ፣ ሃይማኖት ቀየርክ እንዴ? ይሄ ሥጋው የሸሸበት ሾርባ ነው!» አለኝ። ሚስቱ ግን ፔርሙሱን ተቀብላ ለትንንሾቹ ልጆቿ ቀዳችላቸው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር።

የሐዋሳን ነገር ነገርኳት። የሰብለን ቤት ሥርዓትም ነገርኳት። መጋዝ ስስል ጣውላ ላይ ተቀምጣ ነበር። ለትምህርት ቤቷ ወይም ለጓደኞቿ ታለቅሳለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ያለችኝ ይህ ነው፦

«ማታ ስልክ ከተሰበሰበ እማዬን መቼ ነው የማናግራት?»

«በቀን ታናግሪያታለሽ።»

«በቀን ወይ ትተኛለች ወይ ሥራ ላይ ናት። ከሥራ ስትወጣ ነው የምትደውለው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ።»

«ታዲያ እስከዚያ ስታጠኚ አይደል የምትቆዪው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ ጥናቴን እጨርሳለሁ፣ አባባ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቃት። አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሎኝ አልመለስኩላትም። በማግስቱ ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝ። 'ስትመልሺልኝ ነው ድካሜ የሚለቀኝ' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንዳልተኛ ብዬ ነው ቅጠሉን የጠየቅሁህ።»

መጋዙን አስቀመጥኩት። ልጅቷ ሌሊቱን የነቃችው ለፈተናው አልነበረም። ቅጠሉም ጣሳውም አንቺን ላለማጣት ነበር።

ይህን የምጽፈው አንቺን ለመክሰስ ነው ብለሽ እንዳታነቢው። ስለዚህ የእኔን ላስቀድም። ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ማታ ማታ ለማን ነው ያፈላሁት?» ብዬ ጠየቅሁ። ለጥናቷ ነው ብዬ ነበር። እውነቱ ግን ወይንሸት ካረፈች ወዲህ ምሽት ይከብደኛል። ልጅቷ ነቅታ መብራቷ ከበሩ ሥር ሲታየኝ ቤቱ ባዶ አይመስለኝም ነበር። ስትጠይቀኝ ደስ ያለኝ ለዚያ ነው። አንድ ልጅ ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ብቸኝነታችንን አሸክመን ነበር፣ ፋንታዬ። እሷም ወደደችን፣ ተሸከመች፣ ወደቀች።

ሐዋሳ ብትሄድ ትተኛ ይሆናል። ግን ስልኩ ሲሰበሰብ ዓይኗ ተከድኖ ልቧ ይነቃል። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ አይደለም። የምትደውይበትን ሰዓት ቀይሪላት። የት እንደምትኖር ከዚያ በኋላ ወስኚ።

ኤርካሎ

———

ሶዶ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋንታዬ፣ ጌታ ይጠብቅሽ።

መልስ አልመጣም። ጌታሁንን በየቀኑ እጠይቀዋለሁ። «አንብበዋለች አባባ፣ ምልክቱ ይታያል፤ አልመለሰችም ብቻ» ይለኛል። ሔርሜላም እናቴ መደወል አቆመች ብላ ከስታለች። አስቀይሜሽ ከሆነ እኔን ቅጪኝ። እሷን ደውይላት፣ በፈለግሽው ሰዓት ይሁን።

ኤርካሎ

———

ደርባን፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሼ ኤርካሎ፣

ጌታ ከአክስቴ ቀጥሎ እርስዎን ስላቆየልን ስሙ ይባረክ።

ዝም ያልኩት ቂም ይዤ አይደለም። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አነበብኩት፤ ስወጣ ዱቄቱ ፊቴ ላይ ሊጥ ሆኖ ነበር። ከዚያ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር እጄ እምቢ አለኝ። በምን ድምፅ ላናግራት? እኔ ጎበዝ ልጅ አለችኝ እያልኩ ለሥራ ባልደረቦቼ ስኩራራ እሷ ተቀምጣ እንቅልፏን ትታገልልኝ ነበር። «ስትመልሺልኝ ነው ድካሜ የሚለቀኝ» ማለቴን ረስቼው ነበር። እሷ አልረሳችውም።

ፈረቃዬን የሚቀይርልኝ የለም፤ ጠይቄ ነበር። ግን ጠዋት መነሳት እችላለሁ። ዓርብ ጠዋት እሷ ለትምህርት ቤት ስትዘጋጅ ደወልኩ። ስለ ጥናት አልጠየቅኋትም። ምን ሕልም አየሽ አልኳት። «ሕልም ማየት ረስቼ ነበር፣ እማዬ፤ አሁን ተመለሰልኝ» አለችኝ። ስለ ሕልሟ ስታወራ ሻዬ ቀዘቀዘ።

እኔም ጣሳውን ትቻለሁ። ራሴን ያመኛል። አሁን ሦስት ሆነናል።

ማታ ግን ልማድ አይለቅም። ትናንትና ማታ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ «ተኝተሻል?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አየሁት። አጠፋሁት። ሳልልከው ብዙ ቆየሁ፤ መልሱን የሚነግረኝ አጥቼ።

ሰብለን አመስግኜ አትምጪ ብያታለሁ። ልጄ እርስዎ ጋ ትሁን።

ልጅዎ ፋንታዬ

———

ሶዶ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋንታዬ፣

የሰማይና የምድር ጌታ ይመስገን፣ አንቺንም ያክብርሽ። ጌታሁን ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

ፈተናዋን ዓርብ ጨረሰች። እንዴት ነበር ብላት «ከባድ ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጥኩም» አለችኝ። ውጤቱን ጌታ ያውቃል፤ እኔ አልጠየቅሁትም።

ለመነጽር የላክሽውን ገንዘብ ያለ ፈቃድሽ አጠፋሁት፤ የጽድ ጣውላ ገዛሁበት። እስከ ዛሬ የምትተኛበት አልጋ የወይንሸትና የእኔ የድሮው ነበር፣ ይጮሃል። አዲስ ሠራሁላት። ስለካ የሜትሩን ጫፍ እሷ ያዘችልኝ። ሜትሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ቆመ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ መጋዝ ብናኝ ዓይኔ ገባ አልኳት።

ቡናዋ ደጃችን እንዳለች ናት። ቅጠሏን ስለማልቀጥፍ ዘንድሮ በደንብ ታፈራለች ይላሉ። ፍሬው ለእንግዳ ይሁን።

ይህን የምጽፈው እሁድ ጠዋት ነው። መዘምራኑ ጀምረዋል፤ ድምፃቸው እዚህ ይሰማል። ልቀሰቅሳት በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ አንድ እጇ ከአልጋው ተንጠልጥሏል፣ ልክ ያኔ ትተሻት እንደሄድሽው ትንሽ ልጅ። ጌታም ዛሬ ከዚህ የተሻለ አምልኮ ከእሷ የሚፈልግ አልመሰለኝም። በሩን ዘግቼ ደጅ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ሳትልኪ ያጠፋሽውን ጥያቄ እኔ ልመልስልሽ።

ተኝታለች።

ኤርካሎ